ከቅዳሜ ገበያ የተገዛ የዋንዛ ሳጥን፦ ነቀዝ፣ የተደራረበ ቀለምና የተሰነጠቀ ክዳን

የማራኪዋ

ጤና ይስጥልኝ። በእንጨት ሥራ የበሰላችሁ እንድትረዱኝ ነው። ጎንደር ቅዳሜ ገበያ የተገዛ አሮጌ የልብስ ሳጥን አለ። ርዝመቱ 95፣ ወርዱ 48፣ ቁመቱ 52 ሴንቲ ሜትር፤ ጣውላው 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወፍራል። ሻጩ «ዋንዛ ነው፣ የጣሊያን ጊዜ ዕቃ ነው» ብሏል።

ያለበት ሁኔታ እንዲህ ነው። ከውጭ አረንጓዴ፣ ከሥሩ ቡናማ፣ ከዚያ ሥር ደግሞ ክሬም የዘይት ቀለም ተደራርቦበታል። ውስጡና ታችኛው ወለሉ ግን ቀለም አልነካቸውም። ከኋላና ከታች በኩል መርፌ የወጋው የሚመስል ቀዳዳ ሞልቷል፤ ሲመታ ነጣ ያለ ዱቄት ያራግፋል። ክዳኑ ሁለት ሰፋፊ ጣውላ ሆኖ ከውስጥ በሁለት አግዳሚ ተቸንክሯል። አንዱ ጣውላ ከዳር እስከ ግማሽ ተሰንጥቋል፤ መሐሉም ወደ ላይ ጎብጧል። ማጠፊያው ዝጓል፣ ቁልፍ የለውም፣ ሲከፈት የአይጥና የሻጋታ ሽታ ያፍናል።

አንዱ «ናፍጣ አጠጪው»፣ ሌላው «ቀለሙን በኮስቲክ ሶዳ እጠቢው»፣ ሌላው ደግሞ «ስንጥቁን በስቱኮ ሙዪው» ይላል። የሚፈለገው ጋቢና ነጠላ ለማስቀመጥ ነው። አሁን ነሐሴ ነው፤ ልጀምር ወይስ ዝናቡ እስኪያልፍ ልጠብቅ?

መላጊያ

እህቴ፣ ሦስቱንም ምክር ተዪያቸው። ስቱኮው ከሁሉ ቀላሉ ጥፋት ነው፤ ናፍጣው ግን የማይመለስ ነው። ናፍጣ የጠጣ እንጨት ኮላም ቀለምም ሰምም አይቀበልም፤ ሽታውም ለዓመታት ነጠላሽ ላይ ይኖራል። የነካውን ትል ይገድል ይሆናል፤ ግን ጠልቆ አይደርስም፣ ቆይቶም ይተናል።

መጀመሪያ እንጨቱን እወቂው። ቀለም ካልነካው ወለል ላይ በስለት ስስ ልጣጭ አንሺ። ዋንዛ ከሆነ ቀለል ይላል፣ ቡናማ ነው፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ሥጋው በዓይን ይታያል፣ ጥፍር ሲጫነው ምልክት ይይዛል። ጥድ ቀላ ይላል፣ ሲፋቅም ይሸታል። ዝግባ ፈዛዛ ቢጫና ለስላሳ ነው፤ ቀዳዳው ለዓይን አይታይም። ባሕር ዛፍ ይከብዳል፣ ይጠማዘዛል።

ይህን ማወቅ የሚጠቅመው ለነቀዙ ነው። እንደ ፉርኖ ዱቄት የላመ ብናኝ የሚያራግፈው ነቀዝ የሚበላው ቀዳዳማና ስታርች ያለበትን እንጨት ነው። በዋንዛ ላይ ይህ ማለት በግንዱ ዳር ያለው ነጣ ያለ ክፍል ነው። ጥቁር ቡናማውን ልብ፣ ማለትም የግንዱን መሐል፣ ብዙም አይነካውም፤ ጥድና ዝግባንም አይበላም። ስለዚህ ቀዳዳዎቹ በነጣው ጠርዝ ላይ ብቻ ከተሰለፉ ሳጥኑ ደህና ነው፤ የተበላው ጫፉ ብቻ ነው። ብናኙ በጣት ሲታሽ አሸዋ አሸዋ ካለ ግን ሌላ ዓይነት ነቀዝ ነው፤ እሱ ልቡንም ይደፍራል። የጭቃ መንገድ ካየሽ ደግሞ ነገሩ ምስጥ ነው፤ ያን ጊዜ ችግሩ ያለው ሳጥኑ ውስጥ ሳይሆን የተቀመጠበት መሬት ውስጥ ነው።

በሕይወት አለ ወይስ የድሮ ነው ለሚለው ዱቄቱን በብሩሽ አራግፊው፣ ቀዳዳዎቹን በወረቀት ማጣበቂያ ሸፍኚ፣ ከሥሩ ጥቁር ወረቀት አንጥፊ፣ ለ3 ሳምንት አትንኪው። ሳጥን ሲነቃነቅ የድሮ ዱቄትም ይወርዳል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሳይነቃነቅ አዲስ ነጭ ዱቄት ወረቀቱ ላይ ከተገኘ፣ ወይም ማጣበቂያው ከተበሳ፣ ነቀዙ ሕያው ነው።

ሻጩ «የጣሊያን ጊዜ» ላለው፣ ጎንደር ጣሊያን እስከ ኅዳር 1934 የቆየባት ከተማ ስለሆነች ገበያው ሁሉንም አሮጌ ዕቃ የጣሊያን ያደርገዋል። የማጠፊያውን ብሎን እዪ። ራሱ በአንድ መስመር የተሰነጠቀ ከሆነ የድሮ ሊሆን ይችላል። በመስቀል ቅርጽ የተሰነጠቀ ከሆነ ወይ ዕቃው አዲስ ነው ወይ ማጠፊያው ተቀይሯል። የጣሊያን ቤት ዕቃ ብዙውን ጊዜ በስስ ልባጥ የተሸፈነ ኮምፔንሳቶ አለበት፤ ከሙሉ ጣውላ የተሠራ የዋንዛ ሳጥን የአገር አናጢ ሥራ ቢሆን ይበልጥ ያስኬዳል። ዋጋው በዚህ አይቀንስም፣ ለእኔስ ይጨምራል።

የቀበሌ_ልጅ

ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? የወይራ ጭስ ውስጡ ይታጠን፣ ሽታውም ነቀዙም ይሄዳል። የወተት ዕቃ እንኳ በወይራ ይታጠን የለ?

መላጊያ

ወንድሜ፣ ጭስ የሚነካው ገጹን ነው። የነቀዙ እጭ ያለው እንጨቱ ውስጥ ስለሆነ ጭሱ አያገኘውም። ለሽታም ቢሆን ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ሻጋታና ወይራ ተቀላቅሎ ከነጠላ ላይ የማይለቅ ሌላ ሽታ ይሆናል። በመጨረሻ ለደስታ ማጠን ይቻላል፤ መድኃኒት አድርጎ ግን አይቆጠርም።

ነቀዙ ሕያው ሆኖ ከተገኘ የሚሠራው ቦራክስና ቦሪክ አሲድ ነው። ቦራክስ ወርቅ አንጥረኞች ብየዳ ላይ ስለሚጠቀሙበት እነሱ ዘንድ ይጠየቃል፤ ቦሪክ አሲድ ፋርማሲ ይጠየቃል። በ1 ሊትር ሙቅ ውሃ 90 ግራም ቦራክስና 60 ግራም ቦሪክ አሲድ እስኪሟሟ አማስዪ። ገና ለብ እያለ ቀለም ባልነካው ገጽ ሁሉ፣ በተለይ በጣውላዎቹ ጫፍና በመገጣጠሚያው ላይ፣ በብሩሽ ቀቢ። ሳይደርቅ ደግመሽ ቀቢ። ቀዳዳዎቹ ውስጥ በሲሪንጅ ጨምሪበት። ቀለም ባለበት ላይ መቀባት ከንቱ ነው፤ ውሃው አልፎ አይገባም። በኋላ ውጩ ከተራቆተ እዚያም ይደገማል። ጓንት አድርጊ፣ ልጆች አይድረሱ፣ ማሰሮውም ወደ ወጥ ቤት አይመለስ።

ዲዲቲም ሆነ ማላታይን ልብስ የሚቀመጥበት ሳጥን ውስጥ አይገባም። ሰው ለእህል የገዛውን ይረጫል፤ ከዚያ በዚያ ሳጥን ያደረውን ጋቢ ይለብሳል።

ጊዜውን በተመለከተ፦ ነሐሴ ለፍተሻው ደህና ነው፣ ለኮላ ግን መጥፎ ነው። ጥቁር ወረቀቱን አሁን አንጥፊ፤ ቦራክሱን ፀሐይ ስትመለስ በመስከረም፤ ክዳኑን በጥቅምት ወይም በኅዳር። ምክንያቱን ክዳኑ ጋ ስንደርስ እነግርሻለሁ።

ሰፈፍ

ስለ ቀለሙ ልጨምር። ኮስቲክ ሶዳ የዘይት ቀለም ያነሳል፣ እውነት ነው። ግን እንጨቱን ያጠቁረዋል፣ ቃጫውን ያስነሳዋል፣ የመገጣጠሚያውን ኮላ ያፈርሰዋል። ጨዋማው ቅሪትም ውስጥ ይቀርና ከወራት በኋላ የቀባሽውን ሁሉ ከሥር ይገፋዋል። ቲነር ደግሞ ላከርን ይፈታል፣ የደረቀ የዘይት ቀለምን ግን እምብዛም አይነካም።

ከመጀመርሽ በፊት አንድ ጥንቃቄ አለ። የድሮ የዘይት ቀለም እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል። በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አትፈትጊው፣ እሳትም አታስጠጊው፤ ብናኙም ጭሱም ጉዳት አለው፣ በተለይ ለሕፃንና ለነፍሰ ጡር። ሥራው ደጅ፣ ከሥር ላስቲክ ተነጥፎ፣ ገጹ እርጥብ እንደሆነ ይሠራ። ፍርፋሪው ተሰብስቦ ይጣል፤ የሥራው ልብስም ለብቻ ይታጠብ።

ቀለም ማንሻ ጄል ካገኘሽ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር አወፍረሽ አንድ ጊዜ አልብሺው፤ ወዲያ ወዲህ አታሹሪው። በስስ ላስቲክ ሸፍነሽ 30 ደቂቃ ጠብቂና ጠርዙ በተሞረደ መፋቂያ የእንጨቱን ቃጫ ተከትለሽ ግፊው። ሦስት ድርብ ስለሆነ ሁለት ዙር ይፈልጋል። ክሬሙ ላይ ስትደርሺ ፍጥነትሽን ቀንሺ፤ ከሥሩ ያለው የመጀመሪያው ገጽ ነው። ለቀሪው የአሮጌ አናጢ መሣሪያ የሆነው የመስታወት ስባሪ ይበልጣል፤ አዲስ የተሰበረ ቀጥ ያለ ጠርዝ ወደ ራስሽ አዘንብለሽ ጎትቺው፣ ሲደነዝዝ ሌላ ስበሪ። ወፍራም ጓንት አይረሳ።

እንጨቱ ነጭ እስኪሆን ግን አትፋቂ። በዓመታት እጅ ብዛት የመጣው ጠይም መልክ ከግማሽ ሚሊ ሜትር አያልፍም፤ እሱ ከሄደ ሳጥኑ ትናንት የተሠራ ይመስላል። በየስንጥቁ የቀረ ቀለም ቢኖር ምንም አይደለም። መጨረሻ ላይ 180፣ ከዚያ 220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ቃጫውን ተከትሎ በእጅ ብቻ ይታሽ። ማሽን አታስገቢበት።

የማራኪዋ

እግዜር ይስጥልኝ። እስካሁን ያለው ይኸው። እንጨቱ ዋንዛ ነው፤ ቀዳዳው በነጣው ጠርዝ ላይ ብቻ ነው። ከ3 ሳምንት በኋላ ወረቀቱ ላይ አዲስ ዱቄት የታየው ከኋላ ታችኛው ጣውላ ሁለት ቦታ ብቻ ነው። አንድ ሌላ ነገር አለ፦ የክዳኑ የውስጥ ፊት በእርጥብ ጨርቅ ሲወለወል በቀይና በጥቁር የተጻፈ የሚመስል የግእዝ ጽሑፍ ብቅ አለ። ምን ላድርግ?

ዕቃ_ቤት

ጨርቁን አቁሚ። እርጥበት አትጨምሪበት፣ ቦራክሱም እዚያ ገጽ ላይ አይነካ። ቀይና ጥቁር የአገር ቀለም ብዙ ጊዜ በውሃ የሚለቅ ነው። በቀን ብርሃን ፎቶ አንሺው። ግእዝ ለሚያነብ ሰው አሳዪ። «ዝንቱ» (ይህ) ብሎ ጀምሮ «ዘ» (የ) ካለ በኋላ የደብር ስም ከጠራ፣ ሳጥኑ የቤተ ክርስቲያን ንብረት ነበር ማለት ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ነገሩ ከእንጨት ሥራ ያልፋል።

በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ በግለሰብ እጅ ሊሆን ይችላል፤ ባለይዞታው ግን የመጠበቅ ግዴታ አለበት። በቅርስ ላይ የጥገና ሥራ ለመሥራት የቅርስ ባለሥልጣኑ ቅድሚያ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ከአገር ለማውጣትም እንደዚሁ። እያንዳንዱ አሮጌ ሳጥን ቅርስ ነው ማለቴ አይደለም። ጽሑፍ፣ ሥዕል ወይም የቤተ ክርስቲያን ምልክት ያለበት ግን ከመነካቱ በፊት በከተማው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ይታይ። መታየቱ ወጪ የለውም፤ የተፋቀ ጽሑፍ ግን አይመለስም።

ለሚገዙም አንድ ነገር። አሮጌ አስመስሎ የተሠራ አዲስ ዕቃም ገበያ ላይ አለ። እውነተኛ አሮጌ ሳጥን እኩል አያረጅም፤ የሚያልቀው እጅ የሚነካው የክዳኑ ፊት ጠርዝና ወለል የሚነካው እግሩ ነው፤ ውስጡ ንጹሕ ሆኖ ይቆያል። ጥቁሩ ሁሉም ቦታ እኩል ከሆነ፣ መሳቢያው ከሥር ጭምር ከጠቆረ፣ ቀለሙም በእርጥብ ጣት ከለቀቀ፣ ተጠራጠሩ።

የማራኪዋ

ተነበበ። የደብር ስም የለውም፤ የሰው ስምና የልብስ ቁጥር ነው፣ «ቀሚስ 2፣ ነጠላ 4» እያለ ይቀጥላል። ጽሕፈት ቤቱም አይቶት ጽሑፉ ሳይነካ መጠገን ይቻላል ብሏል። ያ ፊት እንዳለ ይቀራል። አሁን ክዳኑን እንዴት ላድርግ?

መላጊያ

የልብስ ቁጥሩ ከሳጥኑ ይበልጣል። ደስ ይላል።

እንግዲህ ክዳኑ። የተሰነጠቀው በእርጅና አይደለም፣ በሚስማር ነው። ጣውላ በርዝመቱ አይንቀሳቀስም ሊባል ይችላል፤ በወርዱ ግን በክረምት ይነፋል፣ በበጋ ይኮማተራል። 48 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው ክዳን ከነሐሴ እስከ መጋቢት እስከ 5 ሚሊ ሜትር ሊለዋወጥ ይችላል። አግዳሚዎቹ ግን በወርዱ ላይ ተጋድመው በሚስማር አስረውታል። መኮማተር ሲፈልግ ሚስማሩ ይይዘዋል፤ ስለዚህ በደካማ ጎኑ ይቀደዳል። ስቱኮ የማይሠራው ለዚህ ነው። በነሐሴ ስንጥቁ ጠቦ ሳለ ብትሞዪው በመጋቢት ከጎኑ ይለቃል፤ በመጋቢት ሰፍቶ ሳለ ብትሞዪው በክረምት ጣውላው ሲነፋ ሌላ ቦታ ይሰነጥቀዋል። ጥቅምትና ኅዳር መሐል ስለሆኑ ይሻላሉ።

አግዳሚውን ንቀዪ። ሚስማሩን ከፊት በኩል አትጎትቺ፤ አግዳሚውን በሰፊ መሮ ቀስ ብለሽ አላቂውና የወጣውን ራስ በፒንሳ ያዢ፣ ከፒንሳው ሥር ቁራጭ ኮምፔንሳቶ አስገቢ። የጎበጠው መሐሉ ወደ ላይ ስለሆነ የደረቀውና የተኮማተረው የውስጡ ፊት ነው፤ ከውጭ ቀለም ነበረው፣ ከውስጥ አልነበረውም። የተለመደው መፍትሔ የጎደጎደውን ፊት እርጥብ ጆንያ ላይ ደፍቶ ጀርባውን ለፀሐይ መስጠት ነበር። የአንቺ ግን ጽሑፉ እዚያ ፊት ላይ ስለሆነ ውሃ አይነካውም። ስለዚህ ጉብጠቱ ከ4 ወይም ከ5 ሚሊ ሜትር ካልበለጠ ተዪው። ክዳኑ ከተዘጋ ይበቃል።

ለስንጥቁ ከዋንዛ ስስ ሽብልቅ ጥረቢ፤ ቃጫው ከጣውላው ጋር ይሂድ፣ ከላይ ትንሽ ወፈር ከታች ሳሳ ይበል። ስንጥቁን በቀጭን ስለት አጽጂ። የድሮ የቆዳ ኮላ ካለበት በሙቅ ውሃ በተነከረ ብሩሽ ከላዩ በኩል ብቻ አውጪው፤ ነጭ ኮላ በአሮጌ ኮላ ላይ አይዝም። ከዚያ ነጭ ኮላ ቀብተሽ ሽብልቁን በመዶሻ በቀስታ አስገቢ፤ በኃይል ከገባ ራሱ ስንጥቁን ያረዝመዋል። ሞርሳ (ማጥበቂያ) ከሌለሽ የካላማዳሪ (የመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ) ቁራጭ በክዳኑ ዙሪያ ወጥረሽ ጠምጥሚ፤ ጎማው ኃይሉን እኩል ያካፍላል። የተረፈውን ኮላ ከላዩ በኩል ብቻ ወዲያው በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊ፣ ካለዚያ ሰም ሲቀባ ነጭ ነጥብ ሆኖ ይወጣል። 24 ሰዓት አትንኪው፤ ከዚያ ትርፉን በመሮ ላጪ።

አግዳሚውን ስትመልሺ ሚስማር የለም፣ ብሎን ነው። የመሐሉ ቀዳዳ ክብ ይሁን። የዳርና የዳሩ ግን በክዳኑ ወርድ አቅጣጫ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ረዝሞ እንደ ስንዴ ፍሬ ይከፈት፣ ከብሎኑ ሥር ሮንዴላ ይግባ፣ ብሎኑም አይጥበቅ። ኮላ ፈጽሞ አይነካው። ጣውላው መሐሉ ላይ ተይዞ ወደ ሁለት ዳር እንዲተነፍስ ነው።

ለማጠፊያው የድሮው የብሎን ቀዳዳ ከሰፋ የወይራ እንጨት ጠርበሽ በኮላ ድፈኚው፣ ሲደርቅ በ2 ሚሊ ሜትር ብረት ብሺውና 3.5 ሚሊ ሜትር ብሎን አስገቢ። ሳትበሺ ብሎን ብትገፊ ዋንዛው ይከፈታል።

ሰፈፍ

ብረቱን ለእኔ ተዪው። ማጠፊያው ከሳጥኑ ይውጣ፣ በአቼቶ 12 ሰዓት ይዘፍዘፍ፣ በብረት ብሩሽ ይፈተግ። ከዚያ ቤኪንግ ሶዳ ባለበት ውሃ ታጥቦ ወዲያው በምድጃ ዳር ይድረቅ፤ ካልደረቀ በአንድ ሌሊት እንደገና ይዝጋል። ገና ትኩስ ሳለ ሰም ይታሽበት። የብር ቀለም እባክሽ አትቀቢ።

ቁልፉን በተመለከተ የቁልፉን ቤት ከውስጥ ፈትተሽ ለቁልፍ ሠሪ ውሰጂ፤ ጥርሱን ከቤቱ አይቶ ይቆርጣል። ሳጥኑን ተሸክመሽ አትሂጂ። የምግብ ዘይት አታጠጪው፣ ቆይቶ ይደነድንበታል፤ የመጻፊያ እርሳስ ጫፍ ተፍቆ የሚገኘው ብናኝ ይበቃዋል።

ለገጹ ሰፈፍ (ማሩ የወጣለት ያልተጣራ የንብ ሰም) ከጠጅ ቤት ጠይቂ። በውሃ አፍልተሽ በአቡጀዲ አጥልዪው፤ ሲቀዘቅዝ ሰሙ ከላይ ይረጋል። 100 ግራም ሰም በሙቅ ውሃ ላይ በተቀመጠ ቆርቆሮ አቅልጪ፣ ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። እሳቱን አጥፊና ከምድጃው ራቂ፤ ከዚያ ብቻ 300 ሚሊ ሊትር አኳራጅ (የዘይት ቀለም ማቅጠኛ) ጨምሪ። ሲቀዘቅዝ እንደ ለጋ ቅቤ ይሆናል።

ከሰሙ በፊት ውጩን አንድ ጊዜ የተልባ ዘይት ከአኳራጅ ጋር እኩል ተቀላቅሎ ይቀባ፤ ከ20 ደቂቃ በኋላ የቀረው ሁሉ ይጠረግ። የቤት ተልባ ዘይት ቀስ ብሎ ነው የሚደርቀው፤ ጣት የማይይዝ እስኪሆን 2 ሳምንትም ሊፈጅ ይችላል። የጠረግሽበትን ጨርቅ ጨምድደሽ አትጣዪ፤ የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይሞቃል፣ የተከመረ ጨርቅ በራሱ እሳት ይይዛል። ዘርግተሽ አድርቂው ወይም ውሃ ውስጥ ክተቺው። ከዚያ ሰሙ በስሱ፣ አንድ ሰዓት ቆይቶ በሱፍ ጨርቅ ይወልወል፤ በማግስቱ ይደገም።

ውስጡን ግን ዘይት አታስነኪ። ዝግ ቦታ ስለሆነ ዘይቱ አይደርቅም፣ ይሸታል፣ ነጠላም ያቢጫል።

የቀበሌ_ልጅ

ቫርኒሽ ቢመታስ? አንድ ጊዜ ተቀብቶ ያልቃል።

ሰፈፍ

ቡና የሚፈስበት ጠረጴዛ ቢሆን እሺ እላለሁ። ለልብስ ሳጥን ግን አያስፈልግም፤ ቫርኒሽ ፀሐይ ሲነካው ይላጣል፣ ያኔ እንደገና መፋቅ ነው። ሰም ሲደበዝዝ በላዩ ሰም መጨመር ነው።

የማራኪዋ

ሽታውስ? ጋቢውስ መቼ ይግባ?

መላጊያ

የአይጡ ሽንት ወለሉ ላይ ከጠለቀ መጀመሪያ በአቼቶና በውሃ እኩል በተቀላቀለ እርጥብ ጨርቅ ወለሉን ብቻ ጥረጊ፤ ክዳኑን እንዳትነኪ። ከዚያ ተከፍቶ በጥላ፣ ነፋስ ባለበት፣ አንድ ሳምንት ይዋል፤ ቀጥታ ፀሐይ አዲሱን ሽብልቅ ይጎዳዋል። ቀጥሎ ያልነደደ ከሰል በሰፊ ሳህን ውስጡ አድርገሽ ሌላ ሳምንት ዝጊው። ከሰሙ በኋላ ደግሞ የአኳራጁ ሽታ እስኪጠፋ ቢያንስ 2 ሳምንት ክዳኑ ክፍት ይሁን። ወለሉ ላይ ንጹሕ አቡጀዲ አንጥፊ፣ ጋቢውን በዚያው ጠቅልዪ፤ እንጨት በቀጥታ የነካው ነጭ ጥጥ በጊዜ ብዛት ይቢጫል። ሳጥኑንም ከወለሉ በ3 ሴንቲ ሜትር ታኮ አንሺው፣ ከግድግዳውም አራቂው። ጥቁሩን ወረቀት በሚመጣው ሚያዝያ አንድ ጊዜ መልሰሽ አንጥፊ፤ ዱቄት ካየሽ እዚሁ ጻፊ።